ጀርባ ለሜዳ፣ ፊት ለሕዝብ

ሰኞ ጠዋት፣ ገና ትምህርት ሳይጀመር፣ የሄልምዴል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሚስተር ሃውገን በድምፅ ማጉያው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለመላው ተማሪዎች፣ መምህራንና ሠራተኞች» አሉ፤ ጦርነት ሊያውጁ የተነሡ ይመስላሉ። «የአስጨፋሪ ቡድኑ ልምምድ ከዛሬ ጀምሮ ከጂምናዚየሙ ወደ ምሳ አዳራሹ ተዛውሯል። ምክንያቱ ወለሉ ሰም እየተቀባ መሆኑ ነው። በዚህ ፈታኝ ሳምንት አንድነታችሁን እንድትጠብቁ አደራ እላለሁ።»

ፈታኝ ያሉት የውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ጨዋታ ዓርብ ስለሆነ ነው። የሄልምዴል ቡድን የሚጫወተው ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን የአሜሪካ ፉትቦል ነው፤ በዚያ ዓመት ማንንም አላሸነፈም። ነጥብ ያስቆጠረበትን ቀን ለማስታወስም ሰው ግንባሩን ማሸት ነበረበት። ይህን ግን አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም። በነዳጅ ማደያው፣ በባንኩ፣ በሉተራን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ «እናምናለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጽሑፉን የቀቡት አስጨፋሪዎቹ ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ የተጫዋቾቹን የዕቃ ሣጥን በሪባን እያስጌጡ የጋገሩትን ብስኩት ያስቀምጡላቸዋል፤ በዚህም የተነሣ ተጫዋቾቹ በውድድር ዘመኑ ያሳዩት ግልጽ እድገት የወገብ ነበር። ዓርብ ደግሞ ሰፊ ወረቀት ወጥረው ይቆማሉ፣ ቡድኑም ወረቀቱን በጥሶ ሜዳ ይገባል። በዓመቱ የበጠሰው መከላከያ እሱ ብቻ ነው።

የአስጨፋሪዎቹ አምበል ማርና ሊንድክዊስት ነበረች፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ ድምፀ መረዋ። አስጨፋሪ ፊቱን ለሕዝብ፣ ጀርባውን ለሜዳ ይሰጣል። አንገቷን ወደ ኋላ እያዞረች ጨዋታውን የምታየው አምበሏ ብቻ ናት። ኳሱ በእኛ እጅ ከሆነ «ግፋ፣ ግፋ» ታስብላለች፤ በእነሱ እጅ ከሆነ «ያዘው፣ ጣለው»። ልጃገረዶቹ እሷን ይከተላሉ፣ ሕዝቡ ልጃገረዶቹን። ችግሩ፣ ማርና ይህን ሁሉ ዘመን አስጨፍራ ፉትቦል አይገባትም። ባለፈው ዓርብ የራሳችን ዌንደል ኳስ ይዞ ሳለ «ጣለው» ብላ አስጨፈረች። ጣሉት።

የቡድኑ ኃላፊ ሚስስ ጎሊየር፣ የቤት አያያዝ መምህርቷ፣ ምሳ አዳራሹ ውስጥ ከሾርባው ድስት አጠገብ ጠሯት።

«ማርናዬ፣ አንቺ እዚያ ቆመሽ የምታዪው ጨዋታ ነው ወይስ ደመና?»

«ጨዋታ ነው፣ ሚስስ ጎሊየር። ግን ሁሉም ይከመራሉ፤ ከዚያ ማን ከማን በታች እንደሆነ…»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አይቻለሁ፣ አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ዓርብ አንዴ ብትስቺ አምበልነቱ የትሪሻ ነው። ኮሪደሩ ላይ የሚሰቀለው ፎቶም የእሷ ይሆናል።»

ሌላዋ አስጨፋሪ ትሪሻ ከኋላ ፀጉሯን እያሰረች ነበር። «እኔ ስጡኝ አላልኩም» አለች። «ከሰጡኝ ግን እምቢ ማለት ነውር ነው።»

ኮሪደሩ ላይ የአምበሎች ፎቶ በየዓመቱ ይሰቀላል። የማርና እናት እዚያ አለች፤ አክስቷም አለች፣ ያውም ዓይኗን ጨፍና። ማርና በዚያ ግድግዳ በኩል ስታልፍ ሁለቱም የሚጠብቋት ይመስላታል።

እራት ላይ አባቷን ጠየቀችው። አባቷ በቆሎ ያመርታል፤ ቃል ሲያወጣ እንደ ዘር ቆጥቦ ነው። ሳህኗን ወደ ራሱ ሳበ።

«ድንቹ እኛ ነን፣ አተሩ እነሱ።»

«ለምን ድንች ሆንን?»

«ቆመን ስለምንቀር። ይቺ ሥጋ ኳሷ ናት። ሰዉን ተዪው፤ ሥጋዋ ማን ጋ ናት ብለሽ ብቻ ጠይቂ።»

«መሬት ከወደቀችስ?»

«ላነሣት ናት። ይህንን ውሻችንም ያውቃል።»

ሳምንቱን ሙሉ ሳህኗ ላይ አፍጥጣ ከረመች። እናቷ ሐሙስ ዕለት «ካልጣመሽ ንገሪኝ፣ ምግቡን አታስፈራሪው» አለቻት።

ዓርብ ዝናብ ዘነበ። ሜዳው ጭቃ፣ ተጫዋቹም ጭቃ ሆነ፤ ማን የማን እንደሆነ የሚለየው ቀርቦ ላየ ነው። እናቶች ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ደረታቸው ላይ «እናምናለን» የሚል ሪባን ሰክተው ተቀምጠዋል። አባቶች እንደ ልማዳቸው አጥሩን ተደግፈው ስለ በቆሎ እርጥበት ይማከራሉ። ማርና አንገቷ እስኪጣመም ድረስ ኳሷን ተከተለች፣ ምሽቱን ሙሉም አንዴ አልሳተችም። ሚስስ ጎሊየር ሜጋፎናቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ያዩዋታል።

ሊያልቅ ሲል የእንግዶቹ ኳስ ያዥ አዳለጠው። ኳሷ ተንከባለለች። ዌንደል አነሣትና ሮጠ። ከፊቱ ማንም አልነበረም።

«ግፋ፣ ግፋ» አለች ማርና።

ኳሷ አሁን በእንግዶቹ እጅ እንደነበረች ሁሉም ያውቃልና የተከተላት የለም። ትሪሻ በከንፈሯ ጠርዝ «አበቃልሽ» አለቻት።

ማርና እንደገና ዞር ብላ አየች። ሥጋዋ ድንቹ ጋ ናት። «ግፋ፣ ዌንደል» አለች፣ ብቻዋን።

ሚስስ ጎሊየር ተነሡ። ሜጋፎኑን አፋቸው ላይ አድርገው «ያዘው፣ ጣለው» አሉ። ልጃገረዶቹ ተቀበሏቸው፣ ሕዝቡ ልጃገረዶቹን ተቀበለ። ሚስተር ሃውገን በቡጢያቸው አየሩን እየመቱ «ጣለው» አሉ፤ የሉተራኑ ቄስም እንዲሁ። አባቶች በቆሎውን ትተው ዞሩ፣ ያለ ከልካይ የሚሮጥ ልጅ አዩ። በዚያ ዓመት እንዲህ የሚሮጥ ልጅ ምንጊዜም የእንግዶቹ ነበርና፣ «ኧረ አንድ ሰው ያስቀረው» ብለው አጥሩን ነቀነቁ። ከሁሉም በላይ የጎላው የዌንደል እናት ድምፅ ነው፤ «እግሩን በሉት» ትላለች።

ዌንደል ሩጫውን ቀዝቀዝ አደረገ። ነጥብ የሚቆጠርበት መስመር ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጭራሽ ቆመ። ወደ ሕዝቡ፣ ወደ እናቱ፣ ደረቷ ላይ ወዳለው ሪባን ተመለከተ። ከዚያ ኳሷን በብብቱ ያዘና፣ በመዳፉ ከደረቱ ላይ ጭቃውን ጠርጎ፣ ጎንበስ ብሎ የማሊያውን ቀለም አየ።