ጋቢው ማን ላይ ይረፍ?

ዳኛቸው ብርድ የሚባል ነገር አይችልም። በበጋ ሙቀት ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ የኤርፖርት ማመላለሻ ሻትል ሲነዳ ያየው መንገደኛ ሁሉ ይስቅበታል። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ፣ የሚኖርባት የባሕር ማዶ ከተማ አውሮራ በበረዶ በተሸፈነችበት በዚያ ሰኞ፣ ሕፃን ልጄን አይሸፍኑት ብሎ ከአማቱ ጋር የተፋጠጠው።

አማቱ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ልጃቸውን ፋናን ሊያርሱ ከደሴ ሲመጡ አንድ ወፍራም ጋቢ ይዘው ነበር። የሆስፒታሏ ነርስ ደግሞ ሕፃኑ በጀርባው፣ እንደ ልብስ የሚጠለቀውን የመኝታ ከረጢት ብቻ ለብሶ ይተኛ፤ አልጋው ውስጥ ብርድ ልብስም ትራስም አይግባ፣ ሊያፍነው ይችላል ብላለች። ፋና ወደ ሥራ ስትመለስ ባሏን በር ላይ ያዘችው።

“የልጁን ክሪብ ቼክ አድርገው። አልጋው ውስጥ ጋቢው እንዳይገባ፣ አደራ።”

አደራው ከባድ ነበር። ዳኛቸው ፊቱን ባዞረ ቁጥር ጋቢው ሕፃኑ ሊዑል ላይ ይገኛል። ወይዘሮ ሮማነወርቅ የልጁን ጣት ነክተው በረዶ ሆኗል ይላሉ፤ እሱ ጣት ያታልላል፣ ማጅራቱን ይንኩት ይላል። በመጨረሻ አማቱ ፍርድ ሰጡ። ለልጁ ይበቃል ያልከው ላንተም ይብቃህ፤ በፒጃማህ አጠገቡ ተኛ፣ ካልተንቀጠቀጥክ አልሸፍነውም አሉት።

ምን ያድርግ? ምንጣፉ ላይ ተጋደመ። አማቱ ወንበር ስበው አገጩን አገጩን ያዩታል። ጥርሱን ነክሶ ቻለ። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሰው ነውና እንደነከሰ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

ሲነቃ በላብ ተዘፍቋል። ጋቢው፣ የአልጋ ልብሱ፣ የፋና ካፖርት ተደራርበውበታል፤ አናቱ ላይ የሊዑል ቆብ ጉብ ብላለች። ወዲያው ወደ ልጁ አልጋ ቀና ብሎ አየ። ሊዑል በጀርባው፣ በከረጢቱ ውስጥ፣ ሌላ ምንም ባልገባበት አልጋው ላይ ተንሰራፍቶ ተኝቷል።

“እማማ፣ እኔን ለምን ሸፈኑኝ?”

“የልጁን ማጅራት ነካሁት፤ ሞቆታል። አንተ ግን ተኝተህም ትንቀጠቀጣለህ። ደግሞ የኔ እጅ ሰው ሳይሸፍን አይውልም። ነርሷ ስላንተ ያለችው ነገር አለ?”

ነርሷ ስለ እሱ ያለችው የለም። ዳኛቸው ጋቢውን ሊገፍፈው እጁን ሰነዘረ። ከዚያ ጋቢው ከእሱ ላይ ቢነሣ ማን ላይ እንደሚያርፍ አሰበና፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ እስከ አገጩ ሳበው።