ሽማግሌ የተላከባት ክፍል

ሰይፈዲን ሱቁ ውስጥ ቆሞ ስኳር በዱቤ ሲሰጥ የሰውየውን የአባት ስም እንኳ አይጠይቅም ነበር። ያልከፈለውንም «አላህ ያውቀዋል» ብሎ ያልፈዋል። ኮልፌ ገበያ ዳር እንደሱ ያለ ልበ ሰፊ ነጋዴ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። አንዲት የጭቃ ክፍል ሠርቶ አከራይ ለመሆን ሲነሳ ግን ያ ሰውዬ የት እንደገባ እንጃ።

ክፍሏ ከጓሮ የባሕር ዛፉን አጥር ተጠግታ ነው የተሠራችው። ጭቃውን ከጭድ ጋር ያቦካው ራሱ ሰይፈዲን ነው። ቆርቆሮውን የገዛችው ግን ሚስቱ አልፊያ ናት፤ የጋብቻዋን ሀብል ሸጣ። ያን ጊዜ፣ በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት፣ ከተማው ወደ ምዕራብ እየሰፋ ስለነበር ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ አከራይ የመሆን ሕልም ያልም ነበር። ሰይፈዲንም «ከኪራዩ ቀስ እያልኩ ሀብልሽን ባልተካልሽ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል» ብሎ ማለላት።

«ሀብሉ ይቆየኝ» አለች አልፊያ። «ብቻ አረፋ ሲደርስ እህቶቼ ይመጣሉ። ‹ወርቅሽ የት ገባ?› ሲሉኝ ሰው የሚኖርበት ቤት ላሳያቸው። ባዶ ቤት ካሳየኋቸው ግን እስከ ዕለተ ሞቴ መሳቂያቸው ነኝ።»

ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር። ችግሩ ሰይፈዲን ከሱቁ ሌላ የሚታወቅበት ሙያ ነበረው። በሰፈሩ ሴት ልጁ የታጨችበት አባት፣ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ የጠያቂውን ወገን ማጣራት ሲፈልግ የሚልከው እሱን ነው። ከሁለቱ ወዳጆቹ፣ ከአቶ ወልደሰንበትና ከሐጂ ከሊፋ ጋር ሆነው አገር ያስሳሉ። የልጁ አያት ምን ሰው ነበሩ? አባቱ ሲቆጣ ምን ይወረውራል? እናቱ ለጎረቤት ወንፊት ታውሳለች ወይ? እነሱ «ይሁን» ያሉት ትዳር ሲፈርስ አልታየም ይባላል። ታዲያ የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከቀማድ እንዲሉ፣ ሰይፈዲን ተከራይ በሩን ባንኳኳ ቁጥር ልጁን ለጋብቻ የተጠየቀ መሰለው።

መጀመሪያ የመጣው አስር አለቃ ገሜዳ የሚባል ጨዋ ወታደር ነበር። ክፍሏን አየ፤ ወደዳት፤ ገንዘቡን ከኪሱ አወጣ።

«ቆይ እንጂ ልጄ፣ ምን ያስቸኩልሃል?» አለው ሰይፈዲን። «ወላጆችህ የት ናቸው?»

«ሆለታ።»

ሰይፈዲን በማግሥቱ ሱቁን ዘግቶ ሆለታ ወረደ። እዚያ አድሮ የአስር አለቃውን ዘር እስከ ቅድመ አያት አጣራና «ቤተሰቡ ወርቅ ነው! ወርቅ!» እያለ ተመለሰ። አስር አለቃው ግን ቀራንዮ ሌላ ቤት ተከራይቶ፣ ዕቃውን አስገብቶ፣ ጎረቤቶቹን እንኳን ተዋውቆ ነበር።

ቀጥሎ መምህር ኃይለ መስቀል መጣ። እሱ ላይ ደግሞ አክስቱ ከአንድም ሁለት ባል መፋታቷ ተደረሰበት።

«አክስቱ ናት እንዴ የምትከራየው?» አለች አልፊያ።

«ደም ነው አልፊያ። ደም አይደበቅም። ኪራይ ማለት እኮ አብሮ መኖር ነው።»

ከዚያ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ መጣ። ቢጠየቅ፣ ቢጣራ፣ ምንም አልተገኘበትም። ሰይፈዲን ይህን ሲሰማ ጭራሽ ፈራ፤ እንከን የሌለው ሰው አንድ የደበቀው ነገር አለ ብሎ እሱንም መለሰው። ሰውየው እየሳቀ ሄደ። ሰይፈዲንም መጥረጊያውን አንስቶ ባዶዋን ክፍል እንደገና ጠረገ።

አረፋ ሲቃረብ አልፊያ ትዕግሥቷ አለቀ። «የአብደላ አባት፣ ስማኝ» አለችው። «እስከ በዓሉ ካልተከራየች ዶሮ አስገባባታለሁ። ዶሮ አያቷ አይጠየቅም።»

ዘነበወርቅ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ጦር ኃይሎች አካባቢ በልብስ ስፌት የምትተዳደር፣ ዓይኗ የማይሰበር ሴት ናት። ግድግዳውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ፣ ቆርቆሮውን ቀና ብላ አየች። ሰይፈዲን ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ልጄ፣ አባትሽ…»

«የኔን ኋላ ይደርሱበታል፣ ጋሼ» አለችው። «መጀመሪያ እኔ ላጣራ።»

«ምኑን?»

«እርስዎን ነዋ! የፊተኛው አከራዬ እንግዳ በመጣብኝ ቁጥር በርጩማ ይዘው ደጄ ላይ ይቀመጡ ነበር። እንግዲህ ሳላጣራ አልገባም። ሽማግሌ እልካለሁ።»

ሰይፈዲን ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁ የቆመው የተላኩት እነማን እንደሆኑ ሲሰማ ነው። ሴትየዋ በሰፈሩ አጣሪ ብታፈላልግ ሰው ሁሉ የጠቆማት አቶ ወልደሰንበትንና ሐጂ ከሊፋን ነበር። እነሱ ደግሞ ወዳጅነት ሌላ፣ ሥራ ሌላ ብለው በደስታ ተቀበሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሰይፈዲንን ኑሮ አላህ ለጠላት አይስጠው። ሁለቱ ወዳጆቹ ከሥጋ ሻጩ ጋር ሲያወሩ ያያቸዋል፤ ሲቀርባቸው ዝም ይላሉ። ሱቅ የመጣ ደንበኛ «ትናንት ስለ እርስዎ ጠየቁኝ» ይለውና ስኳሩን ተቀብሎ ይሄዳል። ምን እንዳለ አይነግረውም። ሰይፈዲን አጥሩን አደሰ፤ አኩርፎት ለነበረው ጎረቤት እጅ ነሣ፤ ለሕፃናቱ ከረሜላ መረቀ። ለካ ሲጠየቁ እንዲህ ነው! እስከዛሬ ስንቱን ሰው እንዲህ እንዳስጨነቀ ሲያስበው ላብ አጠመቀው።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡ። ተቀመጡ ቢባሉ አሻፈረን፣ ውሃ ቢባሉ አንቀምስም አሉ፤ ወጉ እንደዚያ ነው።

«ሰፈሩ መስክሮልሃል» አሉ አቶ ወልደሰንበት። «ዱቤ ያለበትም፣ የሌለበትም። የተቃወመህ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ገባኝ!» አለ ሰይፈዲን ብድግ ብሎ። «ያ ሥጋ ሻጭ!»

«አይደለም» አሉ ሐጂ ከሊፋ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው። «አልፊያ ናት።»

አልፊያ አልተደበቀችም። እጇን በነጠላዋ እያበሰች ከጓዳ ወጣች።

«ስለ ባልነትህ ሲጠይቁኝ ከዓለም አልለውጠውም አልኳቸው» አለች። «ስለ አከራይነትህ ግን እውነቱን ተናገርኩ። እነዚያ ሰዎች ዘራቸው ከፍቶ አይደለም የተመለሱት። በእጅህ ያቦካሃት ቤት ስለሆነች ለሰው መስጠት አልሆንልህ አለ። የአብደላ አባት፣ እኔስ? ሀብሌን ስሸጥ የገዢዋን አያት ጠየቅሁ?»

ሰይፈዲን አፈረ፤ አፍሮም ሚስቱን አያት። ኩራቷ የነበረውን ሀብል ከአንገቷ አውልቃ ስትሰጠው ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር ለማስታወስ ሞከረና አልሆነለትም፤ ለካ ያን ዕለት ያየው ሀብሉን ብቻ ነው። እጁን ኪሱ ከትቶ የክፍሏን ቁልፍ አወጣና አቶ ወልደሰንበት መዳፍ ላይ አስቀመጠው።

«ሁለተኛው ቁልፍስ?» አሉ አቶ ወልደሰንበት። እሳቸው እንደሆኑ ይህን የማጣራት ሥራ ከእሱ ጋር ሲሠሩት ስለኖሩ ጠባዩን ያውቁታል።

ሰይፈዲን ሌላኛውን ኪሱን ዳበሰ። ሁለተኛውም ወጣ። ያን ጊዜ ሽማግሎቹ ስቀው ተቀመጡ።

ዘነበወርቅ የአረፋ ዋዜማ የስፌት መኪናዋን አስጭና ገባች። ሰይፈዲን ግቢው ውስጥ ቆሞ ዕቃው ሲገባ አየ፤ በሩ ሲዘጋም አየ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። ያንን የለሰለሰ ግድግዳ፣ በመዳፉ ያሻሸውን ግድግዳ፣ ሚስማር ትመታበታለች! እያንዳንዱ ምት ደረቱ ላይ ያረፈ ያህል አመመው። ሳያስበው ሄዶ በሩ ላይ ደረሰ። አልፊያ ከማድቤት ደጃፍ ሆና ሥራዋን አቁማ ትመለከተዋለች።

እጁ መዝጊያውን ሊገፋ ተዘረጋ፤ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ሰይፈዲን።»

«ምን ልታዘዝ፣ ጋሼ?»

ሰይፈዲን ወደ አልፊያ ዞሮ አየ፤ ከዚያ ወደ ተዘጋው በር።

«ምንም አይደል» አለ። «ሚስማር እንዳያጥርሽ ብዬ ነው። ከሱቅ ላምጣልሽ?»