የጋሽ አረፋ የብርጭቆ ቱቦዎች

ላቦራቶሪው ውስጥ ዕቃ ማጠብ ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። “ጋሽ አረፋ” ብሎ ስም ያወጣለት የማሽን ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ እሱም አልረሳለትም። ሁሉም አምሮባቸው ፎቶ ሲነሱ እሱን ካሜራ ያስያዙት ቀንም ከሆዱ አልወጣም።

የሰሞኑ ቂም ግን የባሰ ነበር። ላቦራቶሪውን የምትመራው ዶክተር የብርጭቆ ቱቦዎቹን አስነስታ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፕላስቲክ አስመጣች። “ማጠብ ቀረልህ ጋሽዬ፣ ትንሽ እረፍ” አለችው፣ ውለታ የዋለች ይመስል። ዓርብ የእጥበት ገንዳው ይነቀላል፤ እሱም በር ጠባቂ ይሆናል።

እሷም ብትሆን ሰሞኑን ፊቷ አልፈታ ብሏል። ከካናቢስ ተክል የወጣ ካናቢኖይድ የሚሉት ቅባት አላት። ከአይጥ አንጎል የተለዩ ሚቶኮንድሪያ፣ ማለትም ለሕዋስ ጉልበት የሚያመነጩ ደቃቃ ነገሮች ላይ ትጨምረዋለች፤ ከዚያ እንደ ዝገት የሚበላቸውን ኬሚካል ታስከትላለች። ቅባቱ ከጠበቃቸው የማሽኑ ስክሪን ላይ ጉልበታቸውን የምታሳየው መስመር ቀጥ ትላለች፤ ካልጠበቃቸው ቁልቁል ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁልቁል ሆነ። “አዲሱ ቅባት ተበላሽቶ ነው የመጣው” እያለች ትብሰከሰካለች።

እሱ መጣል አይሆንለትም። ቅባቱ የሚቀጥንባቸውን ፕላስቲኮች ከቆሻሻ መጣያው እያወጣ ሲያጥብ ሐሙስ ጠዋት አንድ ነገር ገባውና እጁን ሳይጠርግ ሄደባት።

“ቅባትሽ ደህና ነው። ፕላስቲኩ ነው የሚጠጣው።”

“ጋሽዬ፣ አሁን ስለ እጥበት ልታወራኝ ነው?”

“ታዲያ ስለ ምን ላውራ? ሌላ ያስተማረኝ የለ። የዘይት ዕቃ አጥበሽ አታውቂም? ብርጭቆ ወዲያው ይለቃል። ፕላስቲክ ሦስቴ ታሽቶም ያሟልጫል።”

ግንባሯን መታ አደረገች። “የልጄ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃም እንዲሁ ነው” አለች ቀስ ብላ። “የብርጭቆ ቱቦዎቹን ግን አስጥያቸዋለሁ።”

“አስጥለሻል። እኔ ግን አልጣልኩም።”

ከገንዳው ሥር፣ በጋዜጣ ተጠቅልለው፣ አንድም ሳይጎድሉ ተቀምጠው ነበር። በተጣራ ውሃ ሦስቴ አለቀለቃቸው። እሷም ቅባቱን በእነሱ አቅጥና ሙከራውን ደገመች። ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። ለማነጻጸር ያለ ቅባት የተተወው ናሙና መስመር ወረደ። ቅባት ያለበት ትንሽ ዘንበል አለና ቆመ። ቀጥ ብሎ ቀረ።

እጁን ጨብጣ አልለቅ አለች።

“እርጥብ ነው እኮ።”

“ይሁና።”

ዓርብ ገንዳውን ሊነቅሉ የመጡትን ሠራተኞች በሩ ላይ ቆማ መለሰቻቸው። ከዚያ ሰዉን ሁሉ ለፎቶ ጠራች፤ ካሜራውን የያዘችው ራሷ ነች። እሱ ሽርጡን እንዳሸረጠ፣ የብርጭቆ ቱቦ ይዞ መሃል ቆመ፤ ጥርሱም አልከደን አለው።

የማሽን ክፍሉ ኃላፊ ከጎኑ ሊቆም ሲጠጋ ግን በክርኑ ገፋ አደረገው።

“አንተ ወደ ጫፍ” አለው። “አረፋ እንዳይነካህ።”