እናቴ መንገድ ስታሳይ

እናቴን ሰፈር ውስጥ «ካርታ» ይሏታል። መንገድ የጠፋበት ሰው ካየች ዝም ብላ አታልፍም። እጇን እያወናጨፈች ታሳየዋለች፤ ካልገባው ደግሞ የያዘችውን ዕቃ ለእኔ አስታቅፋ እዚያው ድረስ ትሸኘዋለች። ስንቴ ፀሐይ ላይ ተገትሬ ጠብቄያታለሁ!

ስለዚህ እህቴ «አዲሱን ቤቴን ለእማዬ ላሳያት ነው» ስትል ደሜ ፈላ። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ከባሏ ከተፋታች ወዲህ ቤት ቀይራ ቀይራ ሰልችቷታል፤ ሰውዬው የገባችበት እየተከተለ በር ይደበድባል። በኋላ «ልጃቸውን ማን ያሳድጋት» የሚለው ክርክር ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ዳኛዋ የእህቴ መኖሪያ አድራሻ መዝገቡ ላይ እንዳይታይ አዘዙ። ለእሷ የሚላክ ማንኛውም ነገር ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ይሰጣል፤ እሷ መጥታ ከዚያ ትወስዳለች። እህቴ እፎይ ብላ መተኛት የጀመረችው ያኔ ነው።

«እማዬ ሆዷ ወሬ አይቋጥርም» አልኳት። «ሳምንት ሳይሞላ ሰውዬው በርሽ ላይ ነው።»

«እናቴ የማታውቀው ቤት ምኑን ቤት ሆነ?» አለችና ወስዳ አሳየቻት።

የቀጠሮው ቀን ዳኛዋ ለብቻዋ ሊያነጋግሯት ስለጠሯት እህቴ ከጠበቃዋ ጋር ችሎት ገባች፤ እኔም እናቴን ፎቅ ላይ ኮሪደሩ ውስጥ አስቀምጬ ውሃ ልገዛ ወረድኩ። ስመለስ ምን አያለሁ? ያ የቀድሞ ባሏ ትንሽዬ ቀይ ብስክሌት ይዞ እናቴ ፊት አጎንብሷል።

«እማማ፣ ለልጄ ልደት ገዝቼላት ነው። የት ላድርስላት?» አንደበቱ ማር ነው።

እናቴም እጇን እያወናጨፈች ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ ታሳየዋለች! «ገባህ የኔ ልጅ?» ገብቶታል። ብስክሌቷን ትከሻው ላይ አድርጎ ደረጃውን እየሮጠ ወረደ።

የያዝኩት ውሃ ከእጄ ወደቀ። «እማዬ! ልጅሽን ሸጥሻት እኮ!» ብዬ ጮህኩ፤ የፍርድ ቤቱ ጥበቃ ሳይቀር ዞሮ አየኝ።

«ምን ያስጮህሃል? አድራሻዋን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።»

«የቱን አድራሻ?»

«ዳኛዋ ያሉትን ነዋ! በዋናው በር ውጣ፣ አጥሩን ዙር፣ መኪና ማቆሚያውን እለፍ፣ በጓሮ በር ግባና ሰማያዊውን በር አንኳኳ አልኩት። መዝገብ ቤት።»

መዝገብ ቤቱ እኛ ከቆምንበት ልክ ሥር ነው። ደረጃውን መውረድ ብቻ ይበቃ ነበር።

«ታዲያ ለምን አዞርሽው?»

«ትንሽ ያልበው ብዬ።»

እኛ በደረጃው ወርደን ቀደምነው። ላብ በላብ ሆኖ ሲደርስ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችው። «ብስክሌት ተቀብዬ አላውቅም» አለች፤ «ግን ትእዛዙ ማንኛውም ነገር ይላል። እዚያ ጥግ ያስቀምጡት።» ሰውዬው ብስክሌቷን አስቀመጠና ሄደ፤ ከግቢው መውጣቱንም ጥበቃው ነገረን።

እህቴ ከችሎት ስትወጣ ሁሉንም ነገርኳት። ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜ ሆኖኛል! እናቴን አቅፌ ግንባሯን ሳምኩት፤ እሷ ግን «ቅድም የጮህክብኝን አልረሳም» አለችኝ።

ብስክሌቷን እየገፋን ወደ እህቴ ቤት ስንሄድ፣ ልክ የሰፈሯ መታጠፊያ ላይ የሐኪም ወረቀት የያዘች ሴት እናቴን አስቆመቻት።

«እናት፣ እዚህ አካባቢ ፋርማሲ ይኖራል?»

የእናቴ እጅ ሊነሳ ሲል አየሁት። በሌላኛው እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

«ይቅርታ የኔ ልጅ» አለች፤ «ለሰፈሩ እንግዳ ነኝ።»

አንጀቴን በላችው። ለሴትዮዋ እኔ በዓይኔ ጠቆምኳት፤ ፋርማሲው ልክ ከእናቴ ጀርባ ነበር።