አርባ ኪሎ የሚይዝ ወፍጮ

የተሰደብኩበትን ቀን አልረሳም። የታላቅ ወንድሜ ሚስት ወንድም፣ ሁላችን «ኢንጂነሩ» የምንለው ሰውዬ፣ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በወንድሜ ቸኮሌት ማምረቻ፣ ቸኮሌቱን የሚጠቀልሉት ሦስት ሴቶች እየሰሙ፣ «ይህን ወፍጮ እኮ ዝንጀሮም ቢያለማምዱት ያዞረዋል» አለኝ። ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። እሱስ ባዕድ ነው፣ የፈለገውን ይበል። ወንድሜ ግን እዚያው ቆሞ ሚዛኑን ይወለውል ነበር። ቀና እንኳ አላለም። ሽርጤን ምስማር ላይ ሰቅዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው ብሎኬት ማምረቻ ነው። ሥራ ነው፣ ያኖራል። ጠዋት ጠዋት አፍንጫዬ የሚፈልገው ግን ሲሚንቶ አይደለም። ሁለቱ ድንጋዮች ካካዎውን ሲያልሙት የሚወጣው ሽታ፣ ያ እንደ ካፊያ የማያቋርጥ ድምፅ፣ ከኋላዬ ደግሞ የወንድሜ ፉጨት። ሰው ሰው ይናፍቃል፤ እኔ ወፍጮ ናፈቀኝ ብል መሳቂያ ስለምሆን ለማንም አልተነፈስኩም።

ባለፈው ሐሙስ ስልኬ ጮኸ።

«አንተ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ።»

«ትልቅ ወፍጮ ልንገዛ ነው። አራት ኪሎ አራት ኪሎ እየፈጩ መኖር አልተቻለም። ና እስቲ እይልን።»

እይልን አለ። ሸሚዜን ሁለት ጊዜ ተኮስኩት። ወፍጮውን አይቶ መመለስ አልነበረም የፈለግሁት፤ ከወንድሜ አፍ «ተመለስ» የምትል ቃል ነበረች የጎደለችኝ።

የነገረኝ ማሽን መሸጫ ስደርስ ኢንጂነሩ ቀድሞኛል። አንድ የብረት ወፍጮ አጠገብ ቆሞ፣ እኔን ሳያይ ለወንድሜ ያብራራል።

«በሰዓት ሁለት መቶ ኪሎ ይፈጫል!»

«ምኑን?» አልኩ።

«የፈለግኸውን። ስንዴ በለው፣ በቆሎ በለው።»

«ካካዎ እህል አይደለም። ቅባት ነው።»

«ደግሞ ፕሮፌሰር መጣ» አለ። ሻጩ ሳቀ። ወንድሜ ከቤት ካመጣው የተቆላ የካካዎ ክክ አንድ ጣሳ ጨመሩበት። ማሽኑ ጮኸ፣ አጉረመረመ፣ ከዚያ ታፈነ። ሲከፍቱት ወንፊቱን ጥቁር ጭቃ ደፍኖታል። ሻጩ በካቻቢቴ ይፍቅ ጀመር። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

የብረት ኳሶች እያንከባለለ የሚፈጨውን ሌላ ወፍጮ ደግሞ ሻጩ ራሱ «ይሄኛው አስቀድሞ የላመ ነው የሚፈልገው» ብሎ ተወው።

የቀረው ጥግ ላይ ነበር። ሁለት የግራናይት ጎማዎች በግራናይት ወለል ላይ የሚሽከረከሩበት፣ አርባ ኪሎ የሚይዝ፣ መዘወሪያውን ሲያዞሩት ገንዳው የሚያዘነብል። ሻጩ ክኩን በሙሉ ሊገለብጥበት ሲል እጁን ያዝኩት።

«ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ከዘረገፍክበት ተጣብቆ ይቆማል። ሞተሩን ታቃጥለዋለህ።»

ከጎረቤት ፀጉር ቤት ማድረቂያ አስመጣሁ። ድንጋዩንም ክኩንም አሞቅሁ። ከዚያ በእፍኝ፣ አሁንም በእፍኝ። መጀመሪያ ተንኮሻኮሸ፣ ቀጥሎ ረጠበ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንደ ዘይት ያብለጨልጭ ጀመር። በጣቴ ጫፍ ቀመስኩት። ገና ይሻክራል፤ ነገ በዚህ ሰዓት ግን ይልማል። ወንድሜ ሳይታወቀው ማፏጨት ጀምሯል።

«ይሄ ነው» አልኩ።

«ይሄ ነው ካልክ ይሄ ነው።» እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። «ሰኞ ግባ።»

እሺ ልል አፌን ከፈትኩ።

«ብቻ አስቀድመህ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኢንጂነሩን ይቅርታ በለው። ጥለኸን በመሄድህ እስከ ዛሬ ቅር እንዳለው ነው። ታናሹ አንተ ነህ፤ ምን ይቀርብሃል?»

የሚቀልድ መሰለኝ። ዓይኑን አየሁት፤ አልቀለደም። እስከ ዛሬ የማዝነው ስሰደብ ሰምቶ ዝም አለ ብዬ ነበር። ለካ እሱ ዘንድ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ኢንጂነሩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይጠብቃል። ድንጋዩ ይዞራል፤ ሽታው አዳራሹን ሞልቶታል።

የቀረውን ክክ ከነጣሳው ለሻጩ ሰጠሁትና «ቀስ እያልክ ጨምርበት» አልኩት።

«ምን አልክ ታዲያ?» አለኝ ወንድሜ።

በሩን ገፋሁት። ደረጃውን ስወርድ በልጅነታችን ያቆላምጠኝ በነበረው ስም ጠራኝ፤ አንዴ፣ ከዚያም አንዴ። መንገዱን ተሻገርኩ።