ፕሮፔለሩን የማዞረው እኔ ነበርኩ

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሣህሌ ስለ አውሮፕላን የሚያውቀው፣ ከላይ ሲያልፍ አንገቱን ማንጋጠጥ ብቻ ነበር። እኔ ነጅመዲን ግን ስምንት ዓመት የሄሊኮፕተር መካኒክ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ሾላ ገበያ አጠገብ ብረት እበይድ ነበር። አንድ ቀን ቤቴን ሲፈትሽ ያገኘው የውጭ መጽሔት ላይ አንድ ሥዕል አየና አላስቀምጥ አለኝ። በሁለቱ ክንፎቹ ጫፍ ትልልቅ ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላን ነው፤ ወደ ላይ ሲያቀናቸው እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ ወደ ፊት ሲያጋድማቸው እንደ አውሮፕላን ይከንፋል። የአሜሪካ ነው አልኩት። ቀይ ኮከብ ከተቀባ የሰፊው ሕዝብ ነው አለኝ፤ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል በመኪና ተጭኖ የሚያልፍ አምሳያውን እንድሠራ አዘዘኝ።

ወንድሜ አብዱልናስር የቀበሌው እስር ቤት ከገባ አራት ወሩ ነበር። ጥፋቱ ጓድ ሣህሌ በውይይት ክበብ ሲናገር ማዛጋቱ ነው። ወንድሜ ከተፈታ እሠራለሁ አልኩ። ጓድ ሣህሌ ተስማማ፤ ፈጠራው የእሱ ሊባል፣ እኔም ትንፍሽ ላልል።

ክንፉን ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሠራሁት። በውስጡ ከጫፍ ጫፍ አንድ ዘንግ አሳለፍኩ። እውነተኛውም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሌላው በዘንጉ በኩል ሁለቱንም ፕሮፔለር ያዞራል፣ አለዚያ አውሮፕላኑ ተገልብጦ ይከሰከሳል። ጓድ ሣህሌ ግን የማይታይ ነገር ምን ያደርጋል ብሎ ሊያስወጣው ነበር። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ነው ቀበሌ የሚያስተዳድረው፤ ሹመት ያዳብር። የእኛ ሞተር እኔው ነበርኩ፤ ሸራ ሥር ተኝቼ ዘንጉን በእጄ አዞራለሁ።

በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ከቀበሌው በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ ከከፍተኛው፣ አንድ ሹም ሊያዩት መጡ። ፕሮፔለሮቹ ቀኑ፣ ተጋደሙ፣ ዞሩ። ጓድ ሣህሌ በስንት ሌሊት እንቅልፍ ማጣት እንደፈጠረው ሲተርክ ከሸራው ሥር እሰማለሁ። ሹሙ ግን የዋዛ ሰው አልነበሩም።

"አንዱ ሞተር ቢጠፋስ?" አሉት።

መልሱን አሥር ጊዜ ነግሬው ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ።

"አብዮታዊ ቆራጥነት ያዞረዋል፣ ጓድ።"

ሳቄ አመለጠኝ። ከንፈሬን ብነክስ፣ አፌን በእጅጌዬ ብደፍን አልመለስ አለ። ሹሙ ሸራውን ገልጠው አዩኝ፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ። ጓድ ሣህሌ ግን አልረሳትም። አምሳያው በበዓሉ ቀን አለፈ፣ ተጨበጨበለት፤ አብዱልናስር አልተፈታም።

በማግስቱ ምሳ ይዤለት ሄድኩ። ምን እንደተፈጠረ ጠየቀኝ። ሳቅኩ አልኩት። በምን ሲለኝ የጓድ ሣህሌን መልስ ቃል በቃል ነገርኩት፤ ስነግረውም ሳቄ እንደገና መጣብኝ።

እሱ አልሳቀም። ምሳ ዕቃውን ሳይከፍተው መለሰልኝና ጀርባውን ሰጠኝ።