ያልታሰረው ክራቫት

ማንም አልጠየቀውም። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከራሱ አፍ ነው። ሚስቱ የሆድ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ከሆስፒታል የወጣች ዕለት ሐኪሙ ለጊዜው ሾርባ፣ የተቀቀለ ካሮትና የላመ ሩዝ ብቻ እንድትበላ አዘዘ። መነጽር ሠሪው ባሏ ይህን ሲሰማ ደረቱን ነፍቶ «አንቺ የማትበዪውን እኔም አልበላም!» አለ። ታላቅ እህቷ እንባዋ መጣ። ሚስቱ ግን ትክ ብላ አየችውና «ተው አንተ ሰውዬ፣ ሆድህን አውቀዋለሁ» አለችው። በዚያች ደቂቃ «እውነትሽን ነው» ቢል ኖሮ ስንት ነገር በቀረለት! ኩራቱ አላስቻለውም።

ቃሉ ሳምንት እንኳ አልሞላም። መነጽር ቤቱ ያለበት ማዕዘን ላይ አንድ ታኮ ሻጭ በትልቅ ጃንጥላ ሥር ይቆማል። ታኮ ትንሽ የበቆሎ ቂጣ ነው፤ በሎሚና በቅመም ታሽቶ የተጠበሰ ዶሮ ተከትፎ ይገባበታል፣ ከላዩ ጥሬ ሽንኩርትና የድንብላል ቅጠል ይነሰነስበታል፣ ከዚያ እጥፍ ተደርጎ በእጅ ይበላል። መነጽር ሠሪው ቀኑን ሙሉ ሌንስ ሲሞርድ ውሎ ሱቁን ዘግቶ ሲወጣ ያ ሽታ ይቀበለዋል። የመጀመሪያ ቀን «አንድ ብቻ» አለ። በማግስቱ «ትናንት አንድ ብቻ ስለበላሁ ዛሬ ሁለት ቢሆን አይከፋም» አለ። ራሱን በማታለል በኩል እጁ የተፍታታ ሰው ነበር።

ታኮ ቆሞ መብላት የራሱ ዘዴ አለው። አንድ እግር ወደ ኋላ፣ ወገብ ወደ ፊት፣ አንገት ወደ ጎን፤ አለዚያ ጭማቂው ሸሚዝ ላይ ነው። መነጽር ሠሪው ደግሞ ለሥራው ክራቫት ስለሚያስር፣ ከመጉረሱ በፊት ክራቫቱን ይዞ ወደ ትከሻው ይወረውራል። ሻጩ «ባለ ክራቫቱ» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። ክራቫቱ ሲወረወር ባየ ቁጥር ቀጣዩን ማሞቅ ይጀምራል።

ቤት ሲደርስ እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ አፉን ይጉመጠመጣል፣ ከዚያ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ሾርባዋን በማንኪያ ያጎርሳታል። ለራሱም ቀድቶ አብሯት ይጠጣል። መድኃኒቱ የምላሷን ጣዕም ወስዶባት ነበርና «ሁሉም ነገር ብረት ብረት ይለኛል» ትላለች። እሱም ፊቱን አጨማዶ «ለእኔም ያው ነው» ይላል። ይህችን በተናገረ ቁጥር ጆሮው ይግላል፣ ሾርባውም አልወርድ ይለዋል። ያፍር ነበር፤ ከልቡ ያፍር ነበር። በማግስቱ ግን ያው ማዕዘን ላይ ነው።

አንድ ቀን እህቷ ልብስ ልታጥብላቸው መጥታ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጉድ እኮ ነው! በካሮት ውሃ ሲወፍር ያየሁት ያንቺን ባል ብቻ ነው። እስቲ ምስጢሩን ንገረን፣ እኛም እንወፍር።»

«ሰውነቴ ውሃ ይይዛል» አላት ዓይኗን ሳያይ።

«ውሃ? እንዲህ ቀበቶ የሚያስለቅቅ ውሃ እኔም ቢገኝልኝ!»

ሚስቱ ትራሷን ተደግፋ ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። የመዋለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ብስኩት በልተው አፋቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው «እኔ አልበላሁም» ከሚሉ ልጆች ጋር የኖረች ሰው ናት። ያን ቀን ግን ምንም አልተናገረችም። ዝምታዋ ከእህቷ ቀልድ ይልቅ አስጨነቀው። በማግስቱ በሌላ መንገድ ዞሮ ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ረዘመብኝ ብሎ ወደ ማዕዘኑ ተመለሰ።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ከእንቅልፉ ሲነሣ አልጋው ባዶ ነው። ደንግጦ ወደ ኩሽና ሮጠ። ሚስቱ ሽርጥ አድርጋ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አሳርፋ፣ በሌላው ሽንኩርት ትከትፋለች። ከታመመች ጀምሮ ኩሽና ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ሐኪሙ ፈቀደልሽ እንዴ?»

«ለእኔማ ገና ነው። ላንተ ነው የምሠራው። በእኔ የተነሳ ካሮት ስትውጥ ከረምህ አይደል? ታኮ ልሠራልህ ነው። ቤት ውስጥ መሥራት እንዴት ቀላል እንደሆነ በስልክ አየሁ።»

ታኮ የሚለውን ቃል ሲሰማ ወንበር ሳበና ቁጭ አለ። የዶሮውን ጭን ከአጥንቱ ለይታ፣ በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በከሙንና በበርበሬ አሽታ አስቀምጣዋለች። ያን ሁሉ ስታደርግ እሱ ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር። «ስጪኝ፣ እኔ ልጥበሰው» ቢላት «ተቀመጥ» አለችው፣ ልጆቹን በምታስቀምጥበት ድምፅ።

«ግን አንድ ነገር አለ» አለች መጥበሻውን እየጣደች። «ምላሴ አይሠራም። ጨው ይብዛ ይነስ አላውቅም። ያንተን ምላስ አምኜ ነው የገባሁበት። እውነቱን ነው የምትነግረኝ፣ እሺ?»

«እሺ» አለ።

የመጀመሪያውን ሰጠችው። ዶሮው ነጭ ነው። እሳቱ አንሶ፣ ሥጋውም መጥበሻው ላይ ተጨናንቆ፣ በገዛ ውሃው ተቀቅሏል። ቂጣውም ደርቆ ሲታጠፍ ተሰነጠቀ። አንድ ጎረሰና ጥፋቱን ሁሉ ከነመፍትሔው አወቀው። ግን እንዴት አወቅህ ብትለውስ?

«ግሩም ነው! እጅሽ ይባረክ!»

«እውነት?»

«እውነት።»

ትከሻዋ ዝቅ አለ። «እንግዲያው ዓይኔም ታሟል ማለት ነው። ለእኔ የተቀቀለ ነው የመሰለኝ።»

ፊቷን ሲያይ አሳዘነችው። ምላስህን አውሰኝ ብትለው ሌላ ውሸት ሰጣት። ከታኮውም ከሾርባውም ይህ ባሰበት፣ መታገሥም አቃተው።

«እሳቱ… ትንሽ ቢጨመርበት» አለ ጠረጴዛውን እያየ። «ሥጋውንም ሁሉን ባንድ ጊዜ ባታደርጊው። ጠርዙ ጠቆር ሲል ነው… ማለቴ፣ ጠቆር ቢል ሳይሻል አይቀርም። ቂጣውን ዶሮው በለቀቀው ዘይት ላይ ገልበጥ ገልበጥ ብታደርጊው አይሰነጠቅም። ሎሚው ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ ትኩሱ ላይ ይጨመቃል።»

«ብዙ ታውቃለህ።»

«ገመትኩ።»

ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አደረገች። እሳቱ ሲጨመር ዶሮው ተንቻቻ፣ ጠርዙ ጠቆረ፣ ሎሚው ትኩሱ ላይ ሲያርፍ ጢሱ ቡን አለ። ያ የማዕዘኑ ሽታ እንዳለ ኩሽናው ውስጥ ገባ። ጭማቂው የሚንጠባጠበውን ታኮ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

መነጽር ሠሪው ራሱን ረሳ። ከወንበሩ ተነሣ። አንድ እግሩን ወደ ኋላ አደረገ፣ ወገቡን አጠፈ፣ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ከዚያ ግራ እጁ ወደ ደረቱ ሄደና፣ አሮጌ ካናቴራው ላይ ያልታሰረውን፣ ጭራሽ የሌለውን ክራቫት ይዞ ወደ ትከሻው ወረወረው።

ጎርሶ ቀና ሲል ሚስቱ እያየችው ነው።

«ክራቫትህን እንዳይነካብህ ነው?» አለችው።

መዋጥም መትፋትም አቃተው። ጉንጩ እንደተወጠረ ቆመ፤ «እኔ አልበላሁም» የሚሉትን የሚስቱን ተማሪዎች ይመስል ነበር። እንደምንም ዋጠና ታኮውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

«በላሁ» አለ። «ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ። ባየሁት ቁጥር ነው የበላሁት። አንቺ እዚህ በመከራ ስትውጪ እኔ እዚያ ቆሜ… ይቅር በይኝ። በጣም አፍራለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እህትሽ ነገረችሽ?»

«የሞተው ምላሴ ነው፣ አፍንጫዬ ደህና ነው። በሳሙና ትታጠባለህ፣ ሽንኩርትና ሎሚ ግን ከጥፍር ሥር እንዲህ በቀላሉ አይወጣም። ማንኪያውን ወደ አፌ ባመጣህ ቁጥር ይሸተኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ትነግረኛለህ ብዬ ነዋ!» አለችው። «ብላ፣ ማን ከለከለህ? እኔ አልከለከልኩህም። ማታ ማታ ዛሬስ ይነግረኛል እያልኩ እጠብቅህ ነበር። ያቃጥል እንደሆነ፣ ዶሮው ምን ምን እንደሚል፣ ሻጩ ምን እንዳለህ። መብላት ባልችል መስማት እችል ነበር እኮ! አንተ ግን እየመጣህ ለእኔም ብረት ብረት ይለኛል ትለኛለህ። አብረን ነን እያልክ ብቻዬን ተውከኝ።»

መነጽር ሠሪው እስከዚያች ቀን ጥፋቱ መብላቱ ይመስለው ነበር። ስንት ማታ አጠገቧ ተቀምጦ፣ አንድ ወሬ ብቻ ስትጠብቅ፣ ማንኪያ ብቻ እንደዘረጋላት አሰበና መግቢያ ጠፋው። ይቅርታ ሊደግም አፉን ሲከፍት በእጇ አስቆመችው።

እሳቱን አጠፋች። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ በቀስታ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች።

«በል ብላና ንገረኝ።»

ታኮውን አነሣ። ትንሽ ገመጠ።

«ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነው ብሎ ነገር ምንድነው? ልጆቼ እንኳ ከዚህ የተሻለ ያወራሉ።»

«መጀመሪያ ሎሚው ነው የሚመጣው» አለ። «የምላስሽን ጎንና ጎን ቆንጠጥ ያደርገዋል። ከዚያ ዶሮው ነው። ጠርዙ አረር ብሎ ትንሽ ይመራል፣ ውስጡ ግን ጭማቂ ነው፣ ስትነክሺው ይፈስሳል። ሽንኩርቱ ከጥርስሽ ሥር ቀሽ ቀሽ ይላል። በርበሬው ኋላ ነው የሚነሣው፣ ከዋጥሽ በኋላ፣ ጉሮሮሽ ላይ…»

ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየ። ምራቋን ዋጠች። ከታመመች ጀምሮ አፏ ለምግብ ምራቅ ሲሞላ አላየም ነበር። ይህን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሊሰጣት ይችል ነበር። ዕንባው መጣበት።

«አልችልም» አለ።

ዓይኗን አልገለጠችም።

«ትችላለህ» አለችው። «ክራቫትህን አስተካክልና ቀጥል።»